የትርንጎ ገላ ደህና ነበር

ይህ ነገር መሰማት ባለበት ጆሮ እስከ ዛሬ አልደረሰም። ያላደረስኩት እኔ ነኝ።

በደሌን አስቀድሜ ልጻፈው፤ ኋላ ወሬ አብዝቼ እንዳልሸሽግበት። ትርንጎ የምትባል ጤነኛ ልጅ “ደዌ አለባት” ብዬ ስሟን አጠፋሁ። በክርስትና ያነሳኋት ልጄ ናት። ደዌ ያልኩት ቋቁቻ ነበር፤ በየሰው ጀርባ የሚወጣው ያ ተራ ቋቁቻ። ይሄማ ስሕተት ነው፣ ሰው ይሳሳታል ትሉኝ ይሆናል። አትቸኩሉልኝ። መሳሳቴን ካወቅሁ በኋላ ዝም አልኩ። እናቷ በሞት አልጋዋ ላይ ሆና ጠየቀችኝ፤ ያን ጊዜም ዝም አልኩ። ይህን ያደረግሁ እኔ ነኝ። ሌላ ማንም አላደረገውም።

ስሜ እንይሽ ነው። አገሬ ላይ ጋይንት፣ ከንፋስ መውጫ ወረድ ብሎ ያለ ቀበሌ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ልጅ አዝዬ ነው። ጽሑፌ ቢጎረብጣችሁ የእጄ ጥፋት ነው፤ ነገሩ ግን እውነት ነው።

በእኛ አገር ልጅ ከመታጨቷ በፊት ዘር ይቆጠራል። ሥጋ ዝምድና እንዳይገኝ ሽማግሌዎቹ ሰባት ቤት ድረስ ይቆጥራሉ። ይህን ሁሉም ያውቃል። በወንዶቹ ፊት የማይነሳ ሌላ ነገር ግን አለ። የወንዱ ወገን አንዲት ሴት ይልካል። ሴትዮዋ “ቅቤ ልቀባት” ብላ ልጅቱን ጓዳ ታስገባና ልብሷን ዝቅ አድርጋ ጀርባዋን፣ ክንዷን፣ ጭኗን ታያለች። የምትፈልገው ቁምጥናን ነው። ቁምጥና በዘር ይወርዳል ስለሚባል በዚያ ጓዳ የምትታየው ልጅቱ ብቻ አይደለችም፤ ያልተወለዱት ልጆቿም አብረው ይታያሉ። ቅቤው ሰበብ ነው። ሰበብ መሆኑን ልጅቱም ታውቃለች፣ እናቷም ታውቃለች፤ አንዳቸውም ትንፍሽ አይሉም።

ያቺ የምትላከው ሴት እኔ ነበርኩ። ሥራውን የወረስኩት ከአማቴ ነው። ለምን እኔን እንደሚልኩኝ ብትጠይቁኝ እውነቱን እነግራችኋለሁ፦ ስለማላዳላ ነው። በአገሩ “እንይሽ ካለች አለች” ይባል ነበር። እኔም ይህን ስሰማ ደረቴ ይነፋ ነበር።

አንድ ጊዜ ደምሌ የሚባል ጎረቤታችን ባል የሞተባትን አንዲት ሴት “በሬዬን በዓይኗ በላችው” ብሎ ስሟን አጠፋ። ሽማግሌ ፈረደበትና ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ሊጠይቃት መጣ። እኔም ድንጋዩን አየሁት።

“አያ ደምሌ፣ ይቺ እኮ ለጉልቻም አትሆን” አልኩት። “ስሟን በገበያው ሙሉ አጥፍተህ በጭብጥ ድንጋይ ልትወጣ?”

“እንዴ፣ አንቺ ደግሞ ምን አገባሽ?”

“አገባኝ። ያጠፋኸውን ያህል ተሸከም።”

ሰው ሁሉ ሳቀ። ደምሌ ግን ተመልሶ ሄዶ አንገቱን የሚያጎብጥ ድንጋይ ይዞ መጣ። እኔ እንዲህ ያለሁ ሰው ነበርኩ። የሰውን ድንጋይ እመዝን ነበር።

አሁን ወደ ትርንጎ ልምጣ። ለመምጣት እንዳልቸኮልኩ ልብ በሉልኝ።

የትርንጎ እናት አንጓች ትባላለች። ጎረቤቴም አበልጄም ነበረች። ልጇን ለጥምቀት ያቀፍኩ እኔ ነኝ። ትርንጎ ሳቂታ ልጅ ነበረች፤ ውኃ ስትቀዳ ሳቋ ከምንጩ ማዶ ይሰማል። ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ከስማዳ ደህና ቤት ጠየቃት። ዘር ተቆጠረ፤ ንጹሕ ሆነ። ከዚያ የልጁ አክስት ወደ እኔ መጣችና “ገላዋን አንቺ እይልን” አለችኝ። የክርስትና ልጄ መሆኗን ነገርኳት። “እሱማ እናውቃለን፤ አንቺ ደግሞ ለማን ታዳያለሽ?” አለች።

ያችን ቃል ስሰማ እምቢ ማለት ነበረብኝ። ለምን እምቢ አላልኩም? ስለኮራሁ ነዋ።

ጓዳ አስገብቼ ቅቤ ቀባኋት። ልብሷን ከትከሻዋ ዝቅ ሳደርግ በጀርባዋ ላይ አመድ እንደተነሰነሰበት ያለ ነጣ ነጣ ያለ ቦታ አየሁ። አንዱ ሰፋ ይላል፣ ሌሎቹ ትናንሽ ናቸው። ጣቴን አሳረፍኩበት። ልጅቱ ተሸማቅቃ ሳቀች።

“እማማ፣ ኮረኮሩኝ እኮ!”

“ዝም በይ፤ ሙሽራ አይንከተከትም” አልኳት።

“ፀሐይ ሲመታኝ እዚያ ላይ ይበላኛል። እስቲ ይከኩልኝ።”

አከክሁላት። ጥፍሬ ላይ እንደ ዱቄት ያለ ብናኝ ቀረ። ይህን ሁሉ አየሁ። ዓይኔም አየ፣ እጄም ነካ፣ ጆሮዬም ሰማ። የልጅቱ ገላ “ደህና ነኝ” እያለ ይነግረኝ ነበር። መስማት ግን አላወቅሁበትም። ከአማቴ የተማርኩት ማየት ብቻ ነው፤ ነጣ ያለ ነገር ካየሽ ፍሪ፣ ይኸው ነው ትምህርቱ።

ሆኖም ተጠራጥሬ ነበር። የሌላ ሰው ልጅ ብትሆን “ከክረምት በኋላ ደግሜ ልያት” እል ነበር። እንደዚያ ያልኩበት ጊዜ አለ። ለትርንጎ ግን ለምን አላልኩም? “ለክርስትና ልጇ አዳላች” እንዳይሉኝ። እኔ እንይሽ፣ የማላዳላው፣ እንዳላዳላ ብዬ አዳላሁባት። ለባዕድ የምሰጠውን ጥቂት ጊዜ ለገዛ ልጄ ነፈግኋት።

ከጓዳ ስወጣ አክስትየዋ በዓይኗ ጠየቀችኝ።

“ጀርባዋ ላይ ነገር አለ” አልኳት።

“ምን ነገር?”

“የሚፈራው።”

ከዚያ በላይ አልተናገርኩም። ከዚያ በላይም አላስፈለገም።

እጮኝነቱ ቀረ። የስማዳ ሰዎች ምክንያቱን ለማንም አንናገርም ብለው ነበር፤ ግን እንዲህ ያለ ነገር ምን ጊዜ ተሸሽጎ ያውቃል? በማኅበር ቀን ለአንጓችና ለልጇ ጠላ በተለየ ዋንጫ ይቀዳላቸው ጀመር። ማንም ምንም አይልም፤ ዋንጫው ብቻ ይለያል። አንጓች ልጇን ጠበል ወሰደቻት። በብርድ ጊዜ ለቀቅ ይላታል፣ ወበቅ ሲሆን ደግሞ ይመለሳል። ቋቁቻ ጠባዩ ነው። እኛ ግን “አየሽ፣ ደዌው አልለቀቃትም” እንል ነበር። እኔም እል ነበር። ሌላ ጠያቂ አልመጣላትም። ሳቋ ከምንጩ ጠፋ። በኋላ ሰው ወደማያውቃት አገር፣ እስቴ መካነ ኢየሱስ ሄዳ ጥጥ እየፈተለች ትሸጥ ጀመር።

አንጓች የቀረ ዕድሜዋን ዘሯን ስትቆጥር ኖረች። እናቷ ደህና፣ አያቷ ደህና፣ ቅድመ አያቷ ደህና። “ታዲያ ከየት መጣ አበልጄ? በባሌ በኩል ይሆን?” ትለኛለች። ከባሏ ጋር በዚህ ነገር ሆድና ጀርባ ሆኑ። ባሏ ሲሞት እንኳ እሱን በልቧ እንደከሰሰችው ነው። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ አብሬያት እቆጥር ነበር።

ዘመን አለፈ። ከልጄ የተወለደችው ሰላም ከእኔ ጋር ታድጋለች፤ ንፋስ መውጫ ትማራለች። አንድ ቀን ክንዷ ላይ ነጣ ያለ ክብ ነገር አየሁ። አንድ ነው። አይበላትም። እኔ ገላ አዋቂዋ ምን አልኩ? “ጭርት ነው” አልኩ። የገዛ ልጄ ስትሆን ጭርት ሆነ! ነጭ ሽንኩርት ወቅጬ አሰርኩበት። ነጭ ሽንኩርት እንዴት እንደሚያቃጥል የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ሌላ ልጅ ቢሆን መንደሩን ያናጋው ነበር። ሰላም ግን ቁጭ ብላ ትምህርቷን ታጠናለች። “ጀግና ልጅ፣ ቻይ ልጅ” ብዬ አመሰገንኳት። ስፈታው ገላዋ ተልጦ ውኃ ቋጥሯል። ቁስሉ አልሽር ሲል ጤና ጣቢያ ወሰድኳት።

ነርሱ ጎልማሳ ሰው ነው። “ምን አደረጉበት እናቴ?” አለኝ። ነገርኩት። ወደ ሰላም ዞረና “አላቃጠለሽም?” አላት። “ኧረ አላቃጠለኝም” አለች። ትንሽ ጥጥ አሹሎ “ዓይንሽን ጨፍኚ፤ ስነካሽ ‘እህ’ በይ” አላት።

መዳፏን ነካ። “እህ” አለች። አንገቷን ነካ። “እህ” አለች። ከቁስሉ ፈንጠር ብሎ፣ ነጣ ያለውን ዳር ነካ። ዝም። ደግሞ ነካ። ዝም።

“ሰላም፣ ተኝተሻል እንዴ?” አልኳት ተቆጥቼ።

“እማ፣ ገና አልነካኝም እኮ!”

ጥጡ ክንዷ ላይ ነበር።

ነርሱ የነገረኝን ልጻፍላችሁ፤ ይህን እንኳ ከእኔ ውሰዱ። ቋቁቻ ነጣ ነጣ ብሎ በብዙ ቦታ ይወጣል፤ ሲፍቁት ብናኝ አለው፣ በላብና በፀሐይ ይበላል፤ ቢነኩት ሰውየው ያውቃል። ጭርት ዳር ዳሩ ከፍ ብሎ ክብ ይሠራል፤ እሱም ይበላል። ለምጽ እንደ ወተት ይነጣል፤ አይበላም፣ ሲነኩት ግን ይታወቃል፤ የሚጋባም አይደለም። ሥጋ ደዌ ግን ዝምተኛ ነው። ነጣ ወይም ቀላ ያለ ሆኖ አይበላም፣ አያምም፤ ቦታው ይደነዝዛል፤ ላብ አያወጣም፣ ጠጉሩም ይሳሳል። እሱም ቢሆን በዘር አይወርድም፤ የሚመጣው ከተዋሲ ነው። ቶሎ ከተደረሰበት ኪኒን በነጻ ይሰጣል፤ ለወራት ሳያቋርጡ መዋጥ ነው፤ ይድናል። መድኃኒት የጀመረን ሰው ዋንጫ መለየት ከንቱ ነው። ዓይናችሁን አትመኑ፤ ሰውየውን “ተሰማህ ወይ?” ብላችሁ ጠይቁት፤ ከዚያም ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ያን ጊዜ እንባዬ ወረደ። ነርሱ “ምን ያስለቅስዎታል እናቴ? ይድናል እኮ” አለኝ። እኔ ግን ያለቀስኩት ለሰላም አልነበረም። “ኮረኮሩኝ እኮ” የምትል ልጅ ጆሮዬ ውስጥ ትስቅ ነበር። የሳቀችውን ፈረድኩባት። የደነዘዘችውን አመሰገንኳት።

እዚህ ላይ ነው ስሕተቴ በደል የሆነው። ከጤና ጣቢያው ስወጣ ወደ አንጓች ቤት መሮጥ ነበረብኝ። ሮጥኩ ወይ? አልሮጥኩም። የሰላምን ኪኒን በመቀነቴ ቋጥሬ ቤቴ ገባሁ። የትርንጎ ቋቁቻ ነበር ብዬ ብናገር፣ “እንዴት አወቅሽ?” ይሉኛል። እንዴት እንዳወቅሁ ብናገር ደግሞ ሰላም ስሟ ይነሳል፤ ዘሬ ይቆጠራል፤ የእኔም ዋንጫ ይለያል። እና ዝም አልኩ። ሰላም ድና ትጨርስ አልኩ። ድና ጨረሰች፤ ዝም አልኩ። ቦታው ሽሮ ምልክት ብቻ ሲቀር ዝም አልኩ። የሰው ልጅ ስም በአምስት ቃል ያጠፋሁ ሴት፣ የልጄን ስም ለመጠበቅ አፌን ሰፋሁት። አድልዎ ማለት ይህ ካልሆነ ምን ነው?

አንጓች ታመመች። አጠገቧ ነበርኩ፤ ማስታመም አውቃለሁ። እጄን ያዘችና “አበልጄ፣ ያኔ እውነት አይተሻል?” አለችኝ። አውቃለሁ እኮ። ያን ጊዜ አውቄአለሁ። “የለም፤ ልጅሽ ደህና ናት፤ አንቺም ባልሽም ደህና ናችሁ” ብላት በሰላም ትሞት ነበር። እኔ ምን አልኩ? “እግዚአብሔር ያውቃል” አልኩ። የእግዚአብሔርን ስም ለመሸሸጊያ ጠራሁት። አንጓች ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በቀብሯ ቀን ትርንጎ መጥታ ነበር። ሰው ራቅ ራቅ ብሎላት ለብቻዋ ቆማ አለቀሰች። ከሁሉ በላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ሰው “አይ እንይሽ፣ ለአበልጇ እንዴት አዘነች” አለ። ሰማሁት፤ አላረምኩትም።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ፤ እህል አልበላሽ አለኝ። ጾም የገደፍኩበትን ቀን ሳይቀር ለንስሐ አባቴ የምናገር ሴት ይህን ግን ተናግሬው አላውቅም ነበር። በመጨረሻ ነገርኳቸው። ከጋይንቱ የድጓ ቤት ከቤተ ልሔም የተማሩ ሽማግሌ ካህን ናቸው፤ ቁጣ አያውቁም። ሰምተው ሲጨርሱ፣ “በጥንቱ ሕግ እንኳ ካህኑ ነጣ ያለ ገላ አይቶ ወዲያው አይፈርድም ነበር” አሉ። “ሰባት ቀን አቆይቶ ደግሞ ያያል። አንቺ ስንት ጊዜ አየሻት?”

“አንድ ጊዜ አባ።”

“በይ እንግዲህ። ለእግዚአብሔር ስገጂ፣ ጹሚ፤ ቀኖናሽን እሰጥሻለሁ። ምሕረቷን ግን እኔ ልሰጥሽ አልችልም። እሱ ያለው ልጅቱ ዘንድ ነው።”

ለሰላም ነገርኳት። “ስምሽ ሊነሳ ነው ልጄ” አልኳት። ሰላም ምላሷ እንደ እኔ ነው።

“ይነሳ። ድኛለሁ እኮ። ደግሞስ እማ፣ አያ ደምሌን ድንጋይ ያስለወጥሽው አንቺ አይደለሽም? ያንቺንስ ማን ይመዝነው?”

እኔው መዘንኩት። ከወንዙ ዳር ስመርጥ ትንሹን አነሳሁ፤ ደምሌ ትዝ አለኝና ጣልኩት። ትልቁን በነጠላዬ ቋጥሬ ሚኒባስ ገባሁ። ደብረ ታቦር ላይ መኪና ስለውጥ ረዳቱ ቋጠሮዬን ሊቀበለኝ ብሎ ወገቡን ያዘ።

“ኧረ እማማ! ድንጋይ ከመካነ ኢየሱስ ጠፍቶ ነው?”

“የእኔው ነው፤ አትንካው” አልኩት። ተሳፋሪው ሳቀ። ይሳቅ። እስከ መካነ ኢየሱስ ጉልበቴ ላይ አድርጌው ሄድኩ።

የሆነውን ከመጨረሴ በፊት፣ እናንተን ላናግር። የስማዳ ሰዎች፣ ያን ልጅ ልትድሩ የነበራችሁ፤ ያቺ አክስት በሕይወት ካለሽ አንቺ፤ በማኅበር ዋንጫ የለየን የጋይንት ሴቶች፤ ወሬው እስቴ ድረስ የተከተላት ከሆነ የሰማችሁት ሁሉ። ትርንጎ ገላዋ ደህና ነበር። ያኔም ደህና ነበር፣ ዛሬም ደህና ነው። አንጓች አጥንቷ ንጹሕ ነበር፤ ባሏም እንዲሁ። ደዌው የገባው በእኔ ቤት ነው፤ በኪኒን ዳነ። የእኔ ግን አፍ ነበር፤ እሱ ኪኒን የለውም። አላወቅሁም ነበር አልልም፤ አውቄአለሁና። አሮጊት ነኝና ማሩኝ አልላችሁም። እርጅና ዝም ለማለት አልከለከለኝም፤ ለመናገርም አይከለክለኝም።

ትርንጎን ደጃፏ ላይ ተቀምጣ እየፈተለች አገኘኋት። ጠጉሯ ሸብቷል። አየችኝ፤ አወቀችኝ፤ እንዝርቷ ግን አልቆመም። ድንጋዩን አንገቴ ላይ አድርጌ ተንበረከክሁ። ጎረቤቶቿ “ምን ሆነው ነው እማማ?” እያሉ ወጡ።

“ልጄ፣ ገላሽ ደህና ነበር። ያጠፋሁሽ እኔ ነኝ። እናትሽ ስትጠይቀኝም አውቄ ዝም ያልኩ እኔ ነኝ። ማሪኝ” አልኳት። ስለ ሰላምም ሳልደብቅ ነገርኳት።

እንዝርቱ ቆመ። ተነሳችና ድንጋዩን በሁለት እጇ አንስታ ከደጃፉ ጥግ አስቀመጠችው። ቤት ገብታ በዋንጫ ውኃ ይዛ መጣች። እፊቴ ቆማ እኩሌታውን ጠጣች። የቀረውን ለእኔ ዘረጋችና ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ተቀብዬ እስከ መጨረሻው ጠብታ ድረስ ጨለጥኩት።

“ጠጡት?” አለች።

“ጠጣሁት ልጄ።”

“እንግዲያው ይስሙኝ። ያኔ ሲናገሩ ለእኔ አልነገሩኝም። አሁንም ለእኔ አይንገሩኝ፤ እኔ ገላዬን ድሮም አውቀው ነበር። ለነገሯቸው ይንገሩ።”